ጠሎት ያለችው እናቴ፣ ኤክስ ያገኘው ልጅ እና 38 መልስ

እሁድ ማታ እዚህ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጥዬ ተኛሁ። ሐሙስ ስከፍተው 38 መልስ ተከምሮ ጠበቀኝ። አሁን የሚገባው ሰው ከላይ ያለውን ሳያነብ ነው የሚመልሰው፣ ስለዚህ አንድ ጥያቄ አራቴ ተጠይቋል። ክሩን፣ ይህን ውይይት ማለቴ ነው፣ የከፈትኩት እኔ ነኝና የተባለውን በራሴ አፍ ልተርከው። የማንንም ቃል አልገለብጥም። አንዳንዱ ቢገለበጥም አያምርም።

መጀመሪያ ጥያቄው። የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያድረው እናቴ ዘንድ ነው፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ። የቃል ጽሕፈት ፈተና ነበረበትና እናቴ ቡናዋን እየቆላች ታስጠናው ጀመር። እሷ ትጠራለች፣ እሱ ይጽፋል። ጠሎት። ጠሀይ። ጦም። ጠጉር። ልጁ የሰማውን ጻፈ። በማግስቱ አስተማሪዋ ጸሎት ብላ ብትጠራም ጆሮው ላይ የቀረው የአያቱ ድምፅ ነበርና ያንኑ ደገመው። ከአሥር ስድስት አገኘ። አራቱ ላይ ቀይ ኤክስ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደች። ልጁን እያሳሳተች እንደሆነ በትሕትና ተነግሯት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም የለውም። ዕድሜ ልኳን የጸለየችው ጠሎት ስሕተት ነው ተብላ እንዴት ሰላም ይኑር።

እኔ ደግሞ ክሩን ስከፍት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለአስተማሪዋ ነበር ያደላሁት። ምላሳችን ሰንፏል ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉ ጸ እያለ እኛ ጠ የምንለው ስለሚቀለን ብቻ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

1ኛው መልስ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ገባ። ሙሉ በሙሉ ተስማማ፤ ቋንቋው በወጣቱና በቲክቶክ እየሞተ እንደሆነም አብራራ። እናቴ ሰባ ሁለት ዓመቷ መሆኑን ከላይ ጽፌ ነበር። አላነበበውም። 2ኛው 1ኛውን አመሰገነ፣ ሌላ የለውም።

ቁጥር 3 ላይ ጋሼ መጡ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፣ እዚህ የቆየ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ በሰላምታ ይጀምራሉ፣ በምርቃት ይጨርሳሉ። ለእናቴ እጅ ነሡና ወደ ጉዳዩ ገቡ። ግእዙ ጸልአ የሚለውን እኛ ጠላ እንደምንል፣ ጸላኢ የነበረው ጠላት እንደሆነ፣ ጼው ደግሞ ጨው ሆኖ ምንቸታችን ውስጥ እንደገባ ጻፉ። ጠላት ብሎ ለጻፈ ልጅ ኤክስ የሰጠ አስተማሪ ግን በሥራ ዘመናቸው እንዳላዩ ጨመሩ። እንግዲህ እናቴ የጀመረችው ነገር የለም፣ መንገዱ የተጠረገ ነው። ጠላት ላይ ፊደሉ አፉን ተከትሎ ሄደ። ጸሎት ላይ መጽሐፉ ይዞ አስቀረው። በቃ።

4ኛው ተቆጣ። እንዲህ ከሆነማ ጸን እንጣለዋ፣ ሠንም፣ ሐንም፣ ኀንም፣ ዐንም አብረን እንጣል የሚል ነገር ነው የጻፈው፣ በብዙ ቃለ አጋኖ። 5ኛዋ ጋሼ ፊደል ይጣል የሚል ነገር እንዳልወጣቸው አስታወሰችውና ደግሞ እንዲያነብ ላከችው። እዚህ ላይ ክሩ ወደ ጠብ ሊሄድ ነበር። ያዳነው 6ኛው ነው፣ በመታወቂያ ጣጣው። የአባቱ ስም አንዱ ወረቀት ላይ በሠ፣ ሌላው ላይ በሰ ተጽፎ፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ሦስተኛ ወረቀት አምጣ ተብሎ ሲመላለስ ሁለት ወር ፈጀ። እኔም ደርሶብኛል። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ፀ ነው ጸ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ደግሜ ጠራሁላት። ደግማ ጠየቀችኝ። ድምፁ አንድ ሆኖ ሳለ በአፍ እንዴት ይነገራል? በመጨረሻ በጣቴ አየር ላይ ጻፍኩላት። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ሠና ፀ ድሮ አየሩ በምላስ ጎን የሚወጣባቸው፣ ለየት ያሉ ድምፆች ነበሩ። አፋችን አንድ ካደረጋቸው ቆየ። ፊደሉ ብቻ እንደ ድሮ ጎረቤት ለየብቻ ቤት ይዞ ተቀምጧል።

ከዚያ 7ኛው መጣ፣ ስድስት ኪሎ ሥነ ልሳን የሚማር ልጅ። ይሄ መልስ ነው እኔን ያስነሳኝ።

ልጁ የጠየቀን አንድ ነገር ነው። ትንፋሻችንን እንድንይዝ። ጉሮሮን ግጥም አድርጎ ዘግቶ፣ ምንም አየር ሳያስወጡ፣ ጥ፣ ቅ፣ ጭ ማለት። እኔ ይህን ያነበብኩት ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ኋላ ወንበር ላይ፣ አራተኛ ሆኜ ተጣብቄ ነበር። ትንፋሼን ያዝኩ። ጥ። ወጣ! ቅ። ወጣ። ጭ። እንደ ክብሪት ጫጭ ብሎ ወጣ። አጠገቤ ያለችው እናት ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ስ ለማለት ሞከርኩ። ምንም የለም። ት ብልም እንደ ሰው ት አይደለም፣ ምላስ ድድ ሲነካ የሚሰማ ጠብ ያለች ነገር ናት። ጣቴን ማንቁርቴ ላይ አድርጌ ጥ ስል ወደ ላይ ዘለል ትላለች። ሚስጥሩ እሱ ነው። ጠ ስንል ሳንባችን አይሠራም። የድምፅ አውታሮቹ ይዘጋሉ፣ ምላስ ከፊት ይዘጋል፣ መሀል ላይ የታሰረችው ትንሽ አየር በማንቁርት ተገፍታ ትጨመቃለች፣ ምላስ ሲለቅ ትፈነዳለች።

አሁን ጸን ሞክሩ። ጠ የሚፈልገው አንድ ፍንዳታ ነው፣ ለዚያ ጉንጭ ሙሉ አየር ይበቃዋል። ጸ ግን ማፏጨት አለበት። ፉጨት ደግሞ የሚፈስ አየር ይፈልጋል፤ ጉሮሮ ተዘግቶ ከየት ይምጣ? ያለችውን ታፏጭና ወዲያው ታልቃለች። ልጁ በዓለም ቋንቋዎች ውስጥ እንደ ጠና ቀ ያሉት በርከት ሲሉ እንደ ጸ ያለው ያነሰበትን ምክንያት በዚህ ነው ያስረዳው። ብዙ ጊዜ ምላስ መጀመሪያ ትዘጋና፣ ከዚያ ፉጨቱን ትለቃለች፤ በግምት ት እና ስ የተጣበቁ ያህል። የስ ድርሻዋ ጥቂት ካጠረች የሚሰማው ጠ ነው። እናቴ ሰነፍ አይደለችም ማለት ነው። አየሩ ነው ያለቀባት።

8ኛውና 9ኛዋ ሞክረው ሪፖርት አደረጉ። አንደኛው ቢሮ ውስጥ ሲሞክር አለቃው ታንቆ መስሎት ውኃ አምጥቶለታል። ሁለተኛዋ ከልጇ ጋር ውድድር ይዘው ልጇ ያለ ትንፋሽ ቅ ቅ ሲል ዶሮ መስሎ አስቋታል። እዚህ ድረስ ጨዋታው ደስ ይላል።

10ኛው ግን ሳቁን አቆመው። ትግርኛ አፍ የፈታ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ የሚኖር ሰው ነው። በጨዋ ቃል ነው የጻፈው፣ ነገሩ ግን ስለታም ነው። የእሱም አያት ያው አንድ ጉሮሮና አንድ ጉንጭ አየር ነው ያላቸው፣ ታዲያ ጸን ከነፉጨቱ ይላሉ፤ ሐንና ዐንም ከሀና ከአ ለይተው ከጉሮሯቸው ያወጣሉ። ሥጋና አየር ከሆነ የሚያስገድደው፣ ለምን እሳቸውን አላስገደዳቸውም? ክሩ ውስጥ ከተጠየቁት ሁሉ የበረታው ጥያቄ ይሄ ነው ባይ ነኝ። 11ኛው ወዲያው ነገሩን ወደ ፖለቲካ ወሰደው፣ 12ኛው የመድረኩ ተቆጣጣሪ ነው፣ 11ኛውን አጠፋውና አስጠነቀቀ። ጥሩ አደረገ። 10ኛው ሰውዬ በ11ኛው ሳይናደድ መቆየቱም ያስከብረዋል።

13ኛው ያው የስድስት ኪሎው ልጅ ነው። ልክ ነህ ብሎ ጀመረ፤ መጀመሪያ ማመኑን ወደድኩለት። አካል በሩን ይከፍታል እንጂ ማንንም ገፍቶ አያስወጣም፤ አንዱ ሕዝብ ይወጣል፣ ሌላው ይቀመጣል፣ ማን መቼ እንደሚወጣ ቀድሞ መናገር የቻለ የለም። ከዚያ ጆን ኦሃላ የሚባል፣ በርክሌይ ካሊፎርኒያ ያስተምር የነበረ ሰው ጠቀሰ። ይህ ሰው በ1981 (የውጭ አቆጣጠር ነው፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚያው) ባወጣው ጽሑፍ ጣቱን ከተናጋሪው ላይ አንስቶ አድማጩ ላይ ቀሰረ። ተናጋሪ ሁልጊዜ ያንሸራትታል። አድማጭ ደግሞ ሁልጊዜ ያቃናል፣ ሳያውቀው። አንዳንዴ ግን ሳያቃና ይቀራል፤ መንሸራተቱን እንደ ዋናው ቃል አድርጎ ይይዘዋል፣ ቀጥሎ ራሱ ሲናገር ያንኑ አስቦበት ይላል። ለውጥ የሚወለደው እዚያች ላይ ነው።

ምሳሌው ደግሞ አንበሳ ነው። ቀስ ብላችሁ በሉት። አን። በሳ። አሁን እንደምትናገሩት በሉት። አፋችሁ ብ ለማለት ሊዘጋ ከሩቅ ይዘጋጃል፣ ን ገና እየተሰማ ሳለ ከንፈር ግጥም ይላል፣ የከንፈር ን ደግሞ ስሙ ም ነው። አምበሳ። ወንበርም ወምበር፣ ደንበኛም ደምበኛ። ማንበብ የሚችል ሰው ን እንደሰማ ይምላል፣ ፊደሉን ስላየ። ማንበብ የማይችል ልጅ ግን የሚሰማው ም ነው፣ ጆሮው ላይ የደረሰውም እሱ ነው። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ የሰው አፍ ሳይ ዋልኩ። ካፌ ውስጥ ወምበር ስጠኝ ያላለ የለም። ዜና አንባቢዋም ብላዋለች።

14ኛዋ ነርስ ናት፣ የሕፃናት ክፍል። 13ኛውን ደግፋ በ1984 ካናዳ ውስጥ ጃኔት ዌርከርና ሪቻርድ ቲስ የሠሩትን አመጣች። እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት ያሉ የስድስት፣ የሰባት ወር ሕፃናት በካናዳ የአንድ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ውስጥ ያሉ ሁለት የተለያዩ ድምፆችን ይለያሉ፤ ሁለቱም ለእኛ የቀ ዘመድ ናቸው፣ አንዱ ከወደ ላንቃ፣ ሌላው ከእንጥል አካባቢ። ዓመት ሊሞላቸው ሲል ያው ሕፃናት መለየቱን ይተዉታል። ጆሯቸው አልታመመም። በቤታቸው የሚያስፈልገውን መርጦ ቀሪውን ዘግቶ ነው። ለእኔ ይሄ ትንሽ ያሳዝናል፣ ለምን እንደሆነ ባላውቅም።

15ኛው ከርዕስ የወጣ መስሎት ይቅርታ ጠይቆ ገባ፣ ግን ልብ ውስጥ ነበር የገባው። ለወንድ ክፈት ስንል ለሴት ለምን ክፈቲ አንልም፣ ክፈቺ የሚለው ከየት መጣ ነው ጥያቄው። 16ኛው ልበስ ልበሺ፣ ሂድ ሂጂ፣ ቁረጥ ቁረጪ፣ ያዝ ያዢ፣ ለምን ለምኚ ብሎ ደረደረ። 17ኛዋ ጥረግን ጠቀሰች፤ እሱ ጥረጊ ነው እንጂ ጥረጂ አይባልም። ስበክም ስበኪ ነው። እንግዲህ ሥርዓት አለው፤ የምላስ ጫፍ ያለባቸው አብዛኞቹ ይለወጣሉ፣ ከኋላ ላንቃ የሚወጡት ባሉበት ይቀራሉ። ኢ ስትመጣ ምላስ ወደ ላንቃ ጣሪያ ትነሣለች፣ ት ደግሞ ጎረቤት ናትና አብራ ትነሣለች፣ ስትለቅ ያለው ፉጨት የቺ ነው።

እዚህ ላይ ጋሼ ቁጥር 18 ሆነው ተመለሱ። 17ኛዋን አመስግነው አንድ ነገር አከሉ። ዛሬ ባለበት ይቀር እንጂ ክም ድሮ አልቀረም። ግእዙ ለሴት ቤትኪ ሲል አማርኛው ቤትሽ ይላል፤ ኪ ናት ሽ የሆነችው። ትግርኛ እስካሁን ኪ ይላል። ሰብእ ደግሞ ሰው የሆነው ከንፈር ብ ለማለት ሊዘጋ ሄዶ መንገድ ላይ ስለቀረ ነው። የስድስት ኪሎው ልጅ ከሥር ኪ እና ቺ በጆሮ እንደሚቀራረቡ፣ በጫጫታ ውስጥ ኪን ቺ ነው ብሎ የሚሰማ ቺን ኪ ነው ከሚለው እንደሚበዛ ጻፈ። ጣልያንኛም በዚያው መንገድ ሄዷል። በሮማይስጥ (በላቲን) ክ የነበረው በኢና በኤ ፊት ቸ ሆኗል። አስቡት፣ ከእኛ ጋር ሳይመካከሩ።

ቁጥር 20 ላይ አንዲት ኦሮምኛ አፍ የፈታች ልጅ ገባች፣ ሞቅ ብሏታል። እስካሁን የተወራው ጆሮ ያለው አማርኛ ብቻ ይመስል ነው ወቀሳዋ፣ ልክም ናት። በስሟ ውስጥ ዸ አለ። ዸ የጠ ተቃራኒ ማለት ነው፤ ማንቁርት ወደ ላይ በመዝለል ፈንታ ወደ ታች ትወርዳለች፣ አየሩ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይቃጣዋል። እሷ ስሟን ስትናገር ሰሚው ደ ብሎ ይጽፋል። ዕድሜዋን ሙሉ። የሚጽፉት ክፉዎች ሆነው እንዳልሆነ ታውቃለች፣ በጆሯቸው ውስጥ ለዸ የተሠራ መደርደሪያ የለም፣ ስለዚህ ቅርብ ያለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። ግን ሁልጊዜ የምታርመው እሷ መሆኗ ይሰለቻል። አንድ ሰው ታዲያ ለምን በደ አትቀይሪውም ብሎ መለሰላት። ያንን ቁጥር አልጽፈውም።

ከዚያ የከፍታው ወሬ። 22ኛው ጠ፣ ቀ፣ ጨ ያሉን ተራራ ላይ ስለምንኖር ነው ብሎ በእርግጠኝነት አወጀ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ እውነትም ጥናት አለ፤ ኬሌብ ኤቨረት በ2013 ባወጣው ሥራ እንዲህ ያሉ ድምፆች ከፍታ ቦታ ላይ ባሉ ቋንቋዎች ይበዛሉ ይላል፣ የኢትዮጵያ ደጋም ከምሳሌዎቹ አንዱ ነው። ስስ አየር ለመጨመቅ ይቀላል፣ ጉሮሮ ተዘግቶ መናገርም የእርጥበት ብክነት ይቀንሳል ነው ግምቱ። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናትና 22ኛው ደረቱን ነፋ። ሶማልኛና አፋርኛ ቆላ ናቸው፣ እነዚህ ድምፆችም የሏቸውም ብሎ ማስረጃ ጨመረ። 23ኛዋ ግን አላበዛችም። ሀውሳ ምዕራብ አፍሪካ ሜዳ ላይ ነው፣ አለው። ቲቤት ከእኛ በላይ ነው፣ የለውም። ደግሞ ቋንቋ ድምፁን ከወላጁና ከጎረቤቱ ይወርሳል፤ ደጋ ላይ ያሉት የእኛዎቹ ዘመዳሞችና ጎረቤታሞች ስለሆኑ አንድ ላይ መቁጠር ራስን ማታለል ነው። 24ኛው 22ኛውን ቆላ ወርዶ ጠ ይጠፋበት እንደሆነ እንዲሞክር መከረው። 22ኛው አልመለሰም። አዋሽ ከሄደ ይጻፍልን።

ከ25 እስከ 29 ያለው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ ግን አልከፋኝም። የወያላ ጥሪ ተነሣ። አንዱ ወያላ ለምን ሜክሲኮን ኦኦኦ እያለ እንደሚጎትታት ጠየቀ። መልሱ ጫጫታ ነው። ኤቲየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1911 ሰው ጫጫታ ሲሰማ ሳያስበው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ጽፏል። በዚያ ላይ አናባቢው ይረዝማል፣ ምክንያቱም በሞተርና በጡሩንባ መሀል ተርፎ የሚደርሰው አናባቢው ነው። አራት ኪሎ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሲጠራ ት የምትለዋን ማን ሰማ? እኔ የምሰማው አራ ኪሎ ነው፣ ደግሞ ተሳስቼ አላውቅም፣ ሁሌ አራት ኪሎ ነው የምወርደው።

ቀጥሎ የሰፈር ስም። ለገሃር የፈረንሳይኛው ላ ጋር፣ ጣቢያው ማለት ነው። 27ኛው ሀ ከየት ገባች ብሎ ጠይቆ ራሱ ግምቱን ሰጠ፤ ፈረንሳዩ ኣውን ሲያስረዝመው ጆሯችን ሁለት አድርጎ ሰፋት። ካዛንቺስ ደግሞ ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች፣ ከካዜ ኢንቺስ። ፒያሳ ላይ ጣልያንኛው ት እና ስ አጣብቆ ነው የሚለው፣ ጉሮሮ ሳይዘጋ። እኛ እንዲያ ያለ የለንም፤ ያለን ጸ ነው፣ እሱ ጉሮሮ ይዘጋል። ፒያጻ ከማለት ሳን መረጥን። ብርቱካንም በዐረብኛ በኩል የመጣች ፖርቱጋል ናት፣ ዐረብኛ ፐ ስለሌለው በ ሆና ደረሰች። ከዚያ ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ ማን የት ገባ፣ የቤት ኪራይ ስንት ደረሰ ወደሚለው ተሄደ። 29ኛው የሁለት ክፍል ዋጋ ሲጽፍ ሁሉም ሰው ለአፍታ ዝም አለ።

30ኛዋ ወደ ቤት መለሰችን። የምንሰማው በጆሮ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት የማክገርክና የማክዶናልድን የ1976 ሙከራ ነገረችን። ድምፁ ባ ይላል፣ ምስሉ ላይ ያለው አፍ ጋ ይላል፣ ተመልካቹ ዳ ይሰማል። ዓይናችሁን ስትጨፍኑ ባ ይመለሳል። ቪዲዮውን አየሁት። ማወቄ ምንም አልረዳኝም፣ ዳ ነው የምሰማው። 31ኛው ስልኩ ጽሑፍ ሲያነብለት ገናን ሁሌ አላልቶ ለበዓሉ ገና መጣ ፋንታ ገና አልመጣም የሚል ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ አማረረ። ማጥበቅና ማላላት ፊደላችን ላይ የለምና ስልኩ ምን ያድርግ። 32ኛው ስልኩን የት እንደገዛው ጠየቀ።

33ኛዋ ሴት አስተማሪ ናት፤ የልጃችን አይደለችም፣ አጣርቻለሁ። ቁጣዋ ግን የእኛይቱን አስተማሪ ወክሎ ነው። ክፍሏ ውስጥ ያሉት ልጆች ከየቤቱ የመጡ ናቸው፣ አንዱ ጠሎት ይላል፣ አንዱ ጸሎት፣ ሌላው ሦስተኛ። ሁሉም የሰማውን ይጻፍ ከተባለ ነገ እርስ በርስ አይነባበቡም። የፊደል አጻጻፍ የጋራ ውል እንጂ የአፍ ፎቶ አይደለም። ደግሞ ስለ ኦሃላ የሚያወራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን መጥቶ ያን ሁሉ ደብተር ያርምላት። እውነት አላት። የመለሰላትም የለም፣ ከጋሼ በቀር፤ እሳቸው በ34 ላይ አርባ ዓመት ቀይ እስክሪብቶ እንደያዙ፣ ኤክስ ማድረጉንም እንደማይቃወሙ ጻፉ። ያሳዘናቸው አያትየዋ ተሳስታለች መባሉ ነው። ልጁ ሲጽፍ ጸ፣ ከአያቱ ጋር ቡና ሲጠጣ ጠ ማለት ይችላል። እግዚአብሔር ብሎ የሚጽፍ ሰው ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ ይላል፣ ይህን ያህል ጊዜ የሚጠራ ቃል መሸርሸሩ አይቀርም፣ ማንም ግን አልከሰሰውም። እዚህ ላይ መረቁን።

35 አሜን ነው። 36ም አሜን ነው። 37ኛው ከላይ ሳያነብ ገብቶ ወጣቱ ቋንቋውን እየገደለ ነው አለ። 38ኛዋ የእናቴን ጤና ጠየቀች።

ደህና ናት፣ እህቴ። 34ን አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና እኚህ ሰው የማን አገር ናቸው አለችኝ። ትናንት ማታ ደግሞ አዲስ ቃል ልታስጠናው ስትቀመጥ መነጽሯን አደረገች፣ ደብተሩን ራሷ ያዘች፣ ጸ ያለበት ጋ ስትደርስ ጥርሷን ገጥማ፣ ጉሮሮዋን ዘግታ፣ እንደ ካህን አድርጋ ጠራችው። ጸሎት። ልጁ ሳቀባት፣ ግን በትክክል ጻፈው። ጾምንም፣ ፀሐይንም። እሷም ኮራች። ስድስተኛው ቃል አንበሳ ነበር፣ እሱን ያለ ምንም ጥንቃቄ፣ ሲኒ እያጠበች ነው የጠራችው።

ዛሬ ደብተሩን አሳየኝ። ከአሥር ዘጠኝ። አምበሳ ላይ ቀይ ኤክስ አለ።